ጫማ በፌስታል፦ ተማሪ ይዞ ጌይ ጋር መግባት

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የዛሬ ስድስት ዓመት 48 የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ይዤ ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ፣ አንድ የሐረሪ ቤት ገባሁ። ጫማ ደጃፍ ላይ ይወለቃል። 48 ጥንድ ጫማ፣ አብዛኛው ያው የምናውቀው ጥቁር ሸራ። ስንወጣ ግማሽ ሰዓት ጫማ ስናጣምር ቆየን። አንዱ ልጅ ሁለት የግራ እግር አድርጎ ቤቱ ሄደ፤ በማግስቱ እናቱ ጫማውን አንጠልጥለው መጡ። ውስጥስ ምን ሠራሁ? ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ለፈለፍኩ። ልጆቹ የምንጣፍ ዘርፍ ሲነጩ ቆዩ። በኋላ ፈተና ላይ "የሐረሪ ቤት ስንት መደብ አለው?" ብዬ ጠየቅሁ። "አምስት" ብለው ጻፉ። ያንንማ ክፍል ቁጭ ብለው ከሰሌዳ ይገለብጡት ነበር።

ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ እሄዳለሁ። እየተሳሳትኩ የደረስኩበትን ነው የምጽፍላችሁ። እኔ ሐረር ስለማስተምር ምሳሌዬ ጌይ ጋር ነው። ሐረሪዎች ከተማቸውን ጌይ ይሏታል፤ ጋር ማለት ቤት ነው። ጂማ ያላችሁ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ እንጦጦ ላይ የምኒልክን ቤት መያዝ ትችላላችሁ፤ መስቀል አደባባይ አጠገብ ደግሞ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት አለ። ዕቃው ይለያይ እንጂ አካሄዱ ብዙም አይለያይም።

ቤት ስትመርጡ ከተቻለ ሰው የሚኖርበት ይሁን። ለጎብኚ ተብሎ የተሰናዳ ቤት ጀጎል ውስጥ አይጠፋም። ንጹሕ ነው፣ ዕቃው ሁሉ በየቦታው ነው። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ዳዴ ያለ ሰው የለም። እኔ የምሄድበት ቤት "እማማ" የምንላቸው እናት አሉ። የተወለዱት እዚያው ነው፣ ልጆቻቸውንም የዳሩት ከዚያው። ልጅ "ይሄ ምንድነው?" ሲላቸው የሚመልሱት ከቃል ጥናት አይደለም። አንዳንዴ ጭራሽ አይመልሱም፤ "አንተ ምን ይመስልሃል?" ይሉታል። እኔ ከሠለጠንኩበት ኮሌጅ ይልቅ ይሄን ከሳቸው ነው የተማርኩት።

ፈቃድ ለመጠየቅ ራሳችሁ ሂዱ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት። ደብዳቤ በልጅ አትላኩ። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስኳርና ቡና ይበቃል። ቀኑ ዓርብ እንዳይሆን፣ ረመዳን ላይም እንዳይሆን። ከሰዓት በኋላንም እርሱት፤ ከሰዓት ሐረር ጫት ላይ ናት፣ ቤቱም በእንግዳ ይሞላል። እኔ የምወደው ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቤቱ ታጥቧል፣ ቡናው ገና ነው።

በአንድ ጊዜ 16 ልጅ፤ አንድም አትጨምሩ። የቀሩት ምን ይሁኑ? ባልደረባ ለምኑ። አንዱ ቡድን ቤት ውስጥ እያለ ሌላው ግንቡን በእርምጃ ይለካል። ሦስተኛው መኪና ግርግር ይሄዳል፤ ልብስ ሰፊዎቹ በር በራቸው ላይ ሲንጀራቸውን የሚያንቀረቅሩበት መንገድ ነው፣ ስሙም ከዚያው ጩኸት የመጣ። እዚያ ልጆቹ አንድ ሰፊ መርጠው ሙያውን ከማን እንደተማረ ይጠይቃሉ። በየ50 ደቂቃው ትቀያየራላችሁ። እና እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ፌስታል ይያዝ። ጫማው ፌስታሉ ውስጥ፣ ፌስታሉ በእጁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ እሱን ውሰዱ።

ከመሄዳችን በፊት ስለ ቤቱ ምንም አላስተምርም ማለት ይቻላል። ድሮ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስረዳ ነበር፤ ልጆቹ ሲገቡ የሰሙትን ብቻ ፈልገው አግኝተው ይጨርሳሉ። አሁን የማደርገው አንድ ነገር ነው። የደብተራቸውን ገጽ በመስመር ለሁለት አስከፍላለሁ። በግራ "አየሁ"፣ በቀኝ "ሰማሁ"። በዓይኑ ያየው፣ የቆጠረው፣ የለካው በግራ ይገባል። ሰው የነገረው በቀኝ፣ ማን እንደነገረው ተጽፎ። እኔ የምናገረውም "ሰማሁ" ውስጥ ነው የሚገባው። ይሄ መጀመሪያ ላይ ያስቃቸዋል። "ቲቸር፣ እርስዎም?" ይሉኛል። እኔም።

መንገዱን አትዝለሉት። እኛ በሸዋ በር እንገባለን፤ ሐረሪው አስመዲን በሪ ይለዋል። በሩ ስር ቆም እልና "ይሄን በር እናታችሁ ምን ትለዋለች?" እላለሁ። ክፍሌ ውስጥ ሐረሪ አለ፣ ኦሮሞ አለ፣ አማራ፣ ጉራጌ፣ ሱማሌ፣ አርጎባ አለ። ስሞቹ ይዥጎደጎዳሉ። ከዚያ ሌሎቹን አራት የድሮ በሮች ይቆጥራሉ፤ ቡዳ በር በድሮ በሪ ነው፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ኋላ የተከፈተ ነው። ግንቡን አሚር ኑር ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ርዝመቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ጀጎል 1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። ይሄን በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አልፋለሁ፤ በኋላ ክፍል ውስጥ እመለስበታለሁ።

የግቢው በር ላይ ደግሞ ቆም። "ከዚህ ሆናችሁ የቤቱ ውስጥ ይታያችኋል?" አይታይም። እኛ የምንሄድበት ቤት የግቢው በርና የቤቱ በር ፊት ለፊት አይተያዩም። "ለምን?" አንዱ "ሌባ እንዳያይ" ይላል፣ ሌላዋ "ሴቶቹ እንዳይታዩ" ትላለች፣ ሌላው "ንፋስ" ይላል። ሦስቱንም ተቀበሉና እማማን ይጠይቁ። እናንተ መልስ እንዳትሰጡ።

አሁን ጫማ ፌስታል ውስጥ። መግባት። ሦስት ደቂቃ ዝምታ። በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ። ለአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሦስት ደቂቃ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ አንድ ሁለቱ መሳቃቸው አይቀርም፣ ይሳቁ። ዓይናቸው ግን ይሠራል። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ቀይ፣ ጣሪያው ላይ የተደረደረው እንጨት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት።

ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ፦ "ተቀመጡ።"

የት እንደሚቀመጡ አትንገሯቸው። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ፣ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ ልጅ፣ ብስኩቱን ይዞ ቀጥ ብሎ አንደኛው መደብ ላይ ወጣና እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። እማማ ከጓዳ ብቅ አሉ። አዩት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና "አሚሩ መጡ እንዴ!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጁ የተቀመጠው አሚር ነደባ ላይ ነበር። ነደባ ማለት እኛ መደብ የምንለው ነው። ያኛው የአባወራው ቦታ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚገባ የሚወጣውን ያያል። አጠገቡ ጦር የሚሰካበት ቦታ አለ። ልጁ ለመውረድ ሲጣደፍ እማማ "ተቀመጥ፣ ቦታውን ካወቅህማ ተቀመጥ" አሉት። ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ አስቀመጧቸው።

ግድር ነደባ ትልቁ ነው፤ እንግዳ የሚሰበሰብበት፣ አፎቻው የሚቀመጥበት። አፎቻን የማታውቁ ዕድርን አስቡ፤ ሰርጉም ለቅሶውም የሱ ነው። ጢት ነደባ ትንሹ ነው፤ ትንሽ ማለት ግን ዝቅተኛ ማለት አይደለም፤ አዋቂና ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ሱትሪ ነደባ ሸሸግ ያለው ነው። ገብቲ ኤሔር ነደባ ከበሩ ኋላ ነው፤ ገና የመጣ፣ ደረጃው ዝቅ ያለ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ይቆያል።

ይሄን ካስረዱ በኋላ እማማን አመሰግንና ልጆቹን አሽከረክራለሁ። እያንዳንዱ ልጅ አምስቱም መደብ ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል። የሚጽፈው አንድ ነገር ነው፦ ከዚህ ሆኜ ምን ይታየኛል? ከአሚር ነደባ በሩ ይታያል። ከግድር ነደባ ሰው ሁሉ ይታያል። ከገብቲ ኤሔር የሚታየው ጀርባ ነው። አንዷ ደብተሯ ላይ "እዚህ የተቀመጠ ሰው ይሰማል እንጂ አይታይም" ብላ ጻፈች፤ "አየሁ" በሚለው በኩል። ስለ ማኅበራዊ ደረጃ እኔ አንድ ሰሚስተር ለፍቼ ያላስገባሁትን ልጅቷ በሁለት ደቂቃ ቂጧ ነገራት።

ዕቃው ላይ በፍጥነት እለፉ፤ ካልተጠነቀቃችሁ ቀኑን ይበላዋል። ታቄት የሚባሉትን፣ ግድግዳው ውስጥ ገባ ብለው የተሠሩ የዕቃ ማስቀመጫዎች፣ ይቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ 11 ናቸው፣ ግን ቁጥሩን ቀድማችሁ አትንገሩ። እማማ ቤት አንዱ ውስጥ ቁርዓን አለ፣ አንዱ ውስጥ የቻይና ፔርሙስ፣ አንዱ ውስጥ የቴሌቪዥን ሪሞት። "ከአያትሽ የሚበልጠው ዕቃ የቱ ነው? ከአንቺ የሚያንሰውስ?" በሉ። ሪሞቱንም ይጻፉት። ቤቱ የሚኖርበት ቤት ነው እኮ፤ ቴሌቪዥኑን ለፎቶ ብላችሁ በነጠላ አትሸፍኑ። እኔ አንዴ ሸፍኜ እማማ ተቆጥተውኛል።

ስፌቱ ላይ ግን ሳቅ አለላችሁ። ሐረሪ ስፌቱን ሞት ይለዋል። ከነዚህ ውስጥ ሐማት ሞት የሚባል አለ፤ ለአማት የሚሰጥ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ "የአማት ሞት?!" ብሎ ይንከተከታል። ተዉት ይሳቅ፤ ከዚያ አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር እንደሚሆን አይረሳውም። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚታየው ምንጣፍ ደግሞ ለትዳር የደረሰች ልጅ ቤት ውስጥ እንዳለች ማሳያ ነበር ይባላል። አንዷ ተማሪዬ "ልጅቷ ካልፈለገችስ?" አለች። እማማ "ምንጣፉን ማውረድ ነዋ" ብለው ቡናቸውን መቁላት ቀጠሉ። ክርታት የምትባለዋን ጠባብ ክፍል "ሙሽሮች የሚቆዩባት" ብዬ አልፋታለሁ። አስጎብኚ የሚጨምረውን ታሪክ እኔ አልጨምርም፤ ማታ ወላጅ ሲደውል የምሰማው እኔ ነኝ።

አሁን ወለሉ። የወለሉንና የመደቦቹን ጠርዝ ቅላት ሳይጠይቅ የሚወጣ ልጅ አይቼ አላውቅም። በደንብ ተዘጋጁበት፤ የጉዞው ከባድ ቦታ ይሄ ነው። እማማ የሚመልሱት አጭር ነው፦ "የጨለንቆ ደም ማስታወሻ ነው።" ዝም ይላሉ። ልጆቹም ዝም ይላሉ።

እኔ እዚህ ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዋን ይዘው ነበር። ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ገዙ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂ ጦርና የንጉሥ ምኒልክ ጦር ተዋጉ። የአሚሩ ጦር ተሸነፈ፣ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፣ አስተዳደሩም በኋላ ራስ ለሆኑት ለመኮንን ተሰጠ። በቃ። ሁለት ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ። አንደኛ፣ "እኛ" እና "እነሱ" የሚሉ ቃላት ከአፋችሁ አይውጡ። "የአሚር አብዱላሂ ጦር"፣ "የንጉሥ ምኒልክ ጦር" በሉ፣ በየጊዜው፣ ቢሰለችም። ክፍላችሁ ውስጥ የሁሉም ልጅ አለ። ሁለተኛ፣ የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚገባ ልጆቹ ይወስኑ። ወለሉ ቀይ መሆኑ "አየሁ" ነው። ደም ማስታወሻነቱ "ሰማሁ" ነው፤ "ከእማማ" ተብሎ ይጻፍ። "ሰማሁ" ማለት ውሸት ማለት እንዳልሆነ እዚህ ላይ መንገር አለባችሁ። የእማማ እናት ለእማማ የነገሩት ነው፤ እሱ ራሱ ታሪክ ነው።

አንድ ዓመት አንዲት የሐረሪ ልጅ ቀና ብላ "ቲቸር፣ የእርስዎ ሰዎችስ የት ነበሩ?" አለችኝ። ያን ቀን "ሰዓት ሄዷል፣ እንነሳ" ብዬ አመለጥኩ። ልጅ ደግሞ ማምለጥን ያውቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ዕዳ ተሸክሜው ሰነበትኩ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ያንኑ ጠየቀ። "ቅድመ አያቴ ከመኮንን ሰዎች ጋር ከሸዋ የመጣ ነው ይባላል" አልኩ። እማማ ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ እየቀዱ ነበር፤ ቀና አላሉም፣ መቅዳታቸውንም አልተዉም። አንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ "የቲቸር ቅድመ አያት ጨለንቆ ተዋግቷል" ብሎ ጻፈ። ጠራሁትና "እንደዚያ ነው ያልኩት?" አልኩት። አሰበ። ሰረዘና "ከሸዋ መጣ ይባላል፣ ከቲቸር" ብሎ በቀኝ በኩል አዛወረው። እናንተም ከየት እንደመጣችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት። ይጠይቋችኋል።

ጊዜ ካለ ከዚያ ወጥተን ራምቦ ቤት እንሄዳለን፣ ለፈተና ያህል። የፈረንሳዩ ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው፤ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር፣ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1883 ዓ.ም. ቆይቷል። ልጆቹ ቤቱን ያያሉ፦ የእንጨት ፎቅ፣ ቀለም የተቀባ ጣሪያ፣ ባለ ቀለም መስታወት። ስሙ በሩ ላይ አለ። "ስለዚህ ራምቦ እዚህ ኖሯል፤ አየሁ ወይስ ሰማሁ?" ሁሌም ግማሹ "አየሁ" ይላል፤ ስሙ ተጽፏላ! ከዚያ እነግራቸዋለሁ፦ ይሄን ቤት የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፣ የተሠራውም ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ፊታቸውን ብታዩት! ከዚያ ቀን በኋላ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ይጠረጥራሉ፤ የኔንም ጨምሮ። አንዳንዴ ይቆጨኛል።

የቀን አቆጣጠር ነገር ሳልረሳ። ሰሌዳውም አስጎብኚውም ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ዓመት ነው የሚጠቀመው። ጨለንቆ አንድ ቦታ 1879፣ ሌላ ቦታ 1887 ሆኖ ሲያገኙት ልጆቹ ሁለት ጦርነት ይመስላቸዋል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ሂሳቡን አሠሯቸው፦ ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ቀንሱ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ጦርነቱ የተደረገው በፈረንጆቹ ጥር ወር ስለሆነ 8 ነው የሚቀነሰው።

ክፍል ስንመለስ ድርሰት አላስጽፍም። "በጣም ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ነገር ተምሬአለሁ" የሚል 48 ወረቀት ማረም ሰልችቶኛል። የቤት ሥራው ይሄ ነው፦ የራሳችሁን ቤት ከላይ ሆኖ እንደሚታይ አድርጋችሁ ሳሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን የት እንደሚተኛ፣ እንግዳ ሲመጣ ማን እንደሚነሳ ጻፉ። ከዚያ በዕድሜ የገፋውን ሰው "ይሄ ቤት ከመሠራቱ በፊት እዚህ ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ "ሰማሁ" ውስጥ ይገባል። ኮንዶሚኒየም የሚኖርም፣ ኪራይ ቤት የሚኖርም እኩል ይሠራዋል። የቤቱን ስፋት አታወዳድሩ፣ ሥዕሎቹንም ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። እኔ አንዴ ለጥፌ ሁለት ልጅ አሳፍሬአለሁ።

ያ አሚር ነደባ ላይ የወጣው ልጅ ሥዕሉን ያመጣው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። አንድ ክፍል ነው። አራት ማዕዘን፣ አንድ በር፣ አንድ አልጋ፣ ምድጃ። አልጋው ላይ "እናቴና ሕፃኗ" ይላል። ከበሩ ኋላ ጠባብ ፍራሽ ስሏል፤ ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ገብቲ ኤሔር ነደባ፦ የኔ" ብሎ ጽፎበታል። ከፍራሹ ወደ በሩ ቀስት አድርጓል። በግራ በኩል፣ "አየሁ" ስር፣ "እናቴ ማታ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የማያት እኔ ነኝ" ይላል።